የተጨማደደችው ፍሬ

አንባቢ ሆይ፤ አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ሲሉ የሰውን ጠባይ ማመልከታቸው ነበር። እኔ በመካነ ሰላም ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝና ይህን ተረት ስለ እህል ዘር ሳስተምር ዘወትር እጠቅሰዋለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ያስተማርሁትን ሳይሆን ከአንዲት የቆላ ልጅ የተማርሁትን ነው።

መካነ ሰላም ደጋ ናት። ከከተማይቱ ዳር ቆመው ሲመለከቱ ገብሱና ስንዴው ይታያል፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርዱ ግን አየሩ እየሞቀ፥ እርሻውም ወደ ማሽላ እየተለወጠ ይሄዳል። ከተማሪዎቼ ጥቂት የማይባሉት ከዚያው ከቆላው መጥተው፥ በከተማው ቤት ተከራይተው፥ ስንቃቸውን ከወላጆቻቸው ቤት እያመላለሱ የሚማሩ ናቸው።

ባለፈው ዓመት ለፈተና ካወጣኋቸው ጥያቄዎች አንዱ «ለዘር የሚመረጠው ፍሬ ምን ዐይነት ነው? ምክንያቱን ጻፉ» የሚል ነበር። የጠበቅሁት መልስ የታወቀ ነው፤ የሞላ፥ የከበደ፥ ያልተጨማደደ። አንዲት ልጅ ግን «ማሽላ ከሆነ የተጨማደደውም ይመረጣል፤ እሸቱ ይጣፍጣልና» ብላ ጻፈች። እኔም በቀይ ቀለም ሰረዝሁት። ይህ አልበቃ ብሎኝ፥ ስሟን ሳልጠራ፥ መልሷን ለክፍሉ አነበብሁት፤ ክፍሉም ሳቀ። ማን እንደ ጻፈው ግን አንገቷን ከመድፋቷ ሁሉም ዐወቀ።

ከትምህርት በኋላ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማርክ ልትለምን የመጣች መስሎኝ ነበር። «ቲቸር፥» አለችኝ፥ «ጥያቄው ለጎተራ ነው ወይስ ለእሸት? ለይተው አልጻፉልንም። እናቴ የእሸቱን ዘለላ ለብቻው መርጣ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ትሰቅለዋለች።» የምመልሰው አጣሁና «ነገ እንነጋገራለን» ብዬ ተለያየን።

ያን ዕለት ማታ ስለ ማሽላ ዘር የተጻፈውን እየፈለግሁ ሳነብ ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሲንግና አክስቴል፥ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ 9,000 ያህል የማሽላ ዐይነቶችን መርምረው የደረሱበትን አሳተሙ። የሚፈልጉት ላይሲን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ነበር። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት፤ በማሽላ ውስጥ ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። የማሽላ እንጀራ ብቻ የሚበላ ሕፃን፥ ወተትም ባቄላም ካላገኘ፥ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ሰውነቱ የሚጎዳው አንድም በዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ ሺህ ዘር መካከል በላይሲን እጅግ በልጠው የተገኙት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፥ ሁለቱም የኢትዮጵያ፥ ያውም የወሎ ነበሩ። በተራው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ያህል ሲሆን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱም ፍሬ የተጨማደደ ነበር።

የወሎ ገበሬ እንዲህ ላሉት ማሽላዎች ያወጣላቸውን ስም ስሙ፤ አንዱ «ወተት በጉንጬ»፥ ሌላው «ማርጩቄ» ይባላል። ከሌላው ማሽላ ጋር እያደባለቀ ይዘራቸውና ፍሬው ሳይደርቅ በእሸትነቱ ጠብሶ ይበላቸዋል። ስለ ላይሲን የነገረው ሰው አልነበረም፤ የመረጠው በምላሱ ነው።

አሁን ወደ ኀፍረቴ ልመለስ። በዚያው ወር ስለ ሜንዴል አስተምሬ ነበር። ይህ መነኩሴ፥ እ.ኤ.አ. በ1866 በታተመው ጥናቱ እንደ ገለጸው፥ ድቡልቡል አተርን ከተጨማደደ አተር ጋር አዳቀለ። በመጀመሪያው ትውልድ ጭምደዳው ጠፍቶ ፍሬው ሁሉ ድቡልቡል ሆነ፤ በሁለተኛው ትውልድ ግን 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደደ ፍሬ ቈጠረ፤ ሦስት ለአንድ ያህል ማለት ነው። የጠፋ የመሰለው ጠባይ ተሸሽጎ ነበር እንጂ አልጠፋም። የወሎው ማሽላ ሕግም ይኸው ነው። ላይሲኑን የሚያበዛው አንድ ዘረ መል ነው፤ ከሞላው ማሽላ ጋር ቢዳቀል በልጁ ይደበቃል፥ በልጅ ልጁ ከአራት ፍሬ በአንዱ ይገለጣል። ይህን ሁሉ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዬ ያስተማርሁ ሰው፥ የመነኩሴውን የተጨማደደ አተር አክብሬ በእናቲቱ የተጨማደደ ማሽላ አሳቅሁ።

እርግጥ ፍሬ የሚጨማደደው በዘሩ ብቻ አይደለም። ዝናብ ቀድሞ ሲቋረጥም ይጨማደዳል፤ ያ ግን አይወረስም። ሁለቱን ለመለየት በደኅና ዓመት መልሶ ዘርቶ ፍሬውን ማየት ያስፈልጋል፤ የላይሲኑን መጠን የሚነግረን ደግሞ ላቦራቶሪ ነው።

«ታዲያ ይህን የመሰለ ዘር አገሩ ሁሉ ለምን አይዘራውም?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በማሽላ ፍሬ ውስጥ ዋናው የፕሮቲን ክምችት ላይሲን የለውም ማለት ይቻላል። ዘረ መሉ ይህን ክምችት ሲቀንሰው፥ ላይሲን ያለባቸው ሌሎቹ ፕሮቲኖች በድርሻ ይበዛሉ፤ ነገር ግን ፍሬው ውስጡ ዱቄታም ሆኖ ይኮማተራል፥ በሚዛንም ይቀላል። በበቆሎም እንዲህ ያለ ችግር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በዚያው በፐርዱ ላይሲን የሚያበዛ የበቆሎ ዘረ መል ቢታወቅም፥ ፍሬው ለስላሳ ሆኖ ለነቀዝ ተመቸ። በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማእከል ኤቫንጀሊና ቪዬጋስና ሱሪንደር ቫሳል ፍሬውን የሚያጠነክሩ ሌሎች ዘረ መሎችን ለብዙ ዓመታት እየመረጡ፥ ጥራቱን ከጥንካሬው ጋር አስማሙት፤ እ.ኤ.አ. በ2000ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2001 ቢኤችኪውፒ 542 የተባለው በላይሲን የዳበረ በቆሎ ለገበሬው ተለቀቀ። በማሽላ ግን ጭምደዳውን ከጥራቱ ማላቀቁ አስቸጋሪ ሆኖ ቈይቷል።

ስለዚህ የልጅቱ ጥያቄ የተመራማሪዎቹም ጥያቄ ነበር፤ ለጎተራ ወይስ ለእሸት? እናቷ ሁለቱን በአንድ ማሳ አስታርቃቸዋለች፤ ብዙውን ለጎተራ፥ ጥቂቱን ለእሸት።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ጥቂቱ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ለዘር ያስቀመጠውን ሳይቀር ለመብላት የተገደደ የወሎ ሰው ብዙ ነበር። እንዲህ ያለ ዘር አንድ ጊዜ ከጠፋ ከገበያ አይገዛም። ዶክተር መላኩ ወረደ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት፥ የአገር ዘር በባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ ብዙ በመድከማቸው ነው። እኔ ደግሞ ድርቅ ያላጠፋውን በሳቅ ላጠፋው ነበር። በክፍል ፊት የተሳቀባት ልጅ፥ ነገ በራሷ ቤት የእናቷን ዘለላ ጭስ ላይ ለመስቀል ታፍራለችና።

በማግሥቱ ጥያቄዬ ጎደሎ እንደ ነበረ በክፍሉ ፊት ተናገርሁ፤ ማርኳንም መለስሁላት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከቤቷ ስትመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ፥ ጭስ ጭስ የሚል ዘለላ ይዛ መጣች። ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበው የሞላውንና የተጨማደደውን እየለዩ ቈጠሩ። ማንም አልሳቀም።

አንባቢዎች ሆይ፤ እናንተ ተማሪዎች ለክረምት፥ እናንተም የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለዓመት ዕረፍት ወደ ወላጆቻችሁ ስትሄዱ፥ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን ቀና ብላችሁ እዩ። «ይኸ ምንድን ነው? ለምንስ ለብቻው አስቀመጣችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ከነስሙ በደብተራችሁ ጻፉት። እኔ ሳልጠይቅ በቀይ ቀለም ሰርዤ ነበርና።