ስለ ጃፓን ተጽፏል፤ ስለ መርሳስ?

ያገራችን ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ያየውን መጻፉ የቆየ ነገር ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጻፉ። የሁለቱም ጭንቀት የታወቀ ነው፤ ጃፓን እዚህ የደረሰችው በምን መንገድ ነው? እኛስ በዚያው መንገድ መሄድ እንችላለን ወይ?

ከነሱ በፊት እዚያው ጃፓን የኖረ ሌላ ጸሐፊ አለ። ላፍካዲዮ ኸርን ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ከአሜሪካ ተነሥቶ ሄደና ማትሱዬ በምትባል ከተማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆነ። እሱ የጻፈው ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለሚኖርበት ቤት አትክልት፣ ስለ ሰዎቹ በዓልና ስለ ሙታናቸው ነው። እኛ ይኸኛውን አጻጻፍ እንወደዋለን። በሰው አገር አስተማሪ ሆኖ የሰነበተ ሰው ዓይኑ ውስጥ የሚቀረው ይኸው ነውና።

እኛ ጃፓንን አላየንም። ያየነው መርሳን ነው። አራት የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ሁለታችን ካዲስ አበባ፣ አንዳችን ከጅማ፣ አንዳችን ከወላይታ ሶዶ። ምደባው ወልዲያ አደረሰን። በ2015 ዓ.ም. ከኅዳር እስከ ሰኔ ድረስ ቅዳሜ ጧት ወደ መርሳ እየወረድን፣ እዚያው እያደርን፣ እሑድ ማታ እየተመለስን ለ8ኛ ክፍል ልጆች የአማርኛና የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ አስተማርን። ማንም አላዘዘንም፤ ማንም አልከፈለንም።

ለወላጆቻችን ወልዲያ ከጃፓን የምትቀርብ አገር አልነበረችም። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ መሞቱን ሰምተዋል። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። እናቶቻችን ሲደውሉ «በላችሁ ወይ?» ከማለታቸው በፊት «አገሩ ደህና ነው?» ነበር የሚሉት። የኛም ፍርሃት ከነሱ ያነሰ አልነበረም። ለዚህ ነው ተማሪ ከግቢ የማይወጣው። ቤተ መጻሕፍቱ፣ ካፌው፣ ዶርሙ ሁሉም ካጥሩ ወዲህ ነው። ወልዲያ ዓመታት ቆይቶ አንድ የወልዲያ ሰው ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጣ የሚመረቅ ጥቂት አይደለም። ይህች ጽሑፍ ካጥሩ ማዶ ስላለው ናት።

መንገዱ

ከወልዲያ መናኸሪያ ሚኒባሱ «መርሳ! መርሳ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ አሥር ሰው ይጭናል። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በደሴው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ቢሆን ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ብርዱ ይቀራል፤ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ያለባትን ሲሪንቃን ስናልፍ ጃኬት ይወልቃል። ከዚያ ማሽላው፣ አልፎ አልፎ ግመሉ፣ መርሳ ስንደርስ ማንጎና ፓፓያ የደረደሩት ሴቶች።

ያንዱ ሚኒባስ መስተዋት ላይ «ኖ ፔይን ኖ ጌይን» የሚል ተለጥፏል። ረዳቱ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላው ነው። አስተማሪዎች መሆናችንን ሲያውቅ «ይቺን ነገር ሁለት ዓመት ተሸክሜያት እዞራለሁ፤ ምን ማለት ናት?» አለን። አንዳችን «ያለ ሕመም ትርፍ የለም» ብሎ ተረጎመ። «ይኼማ የሐኪም ቤት ነው» አለ ረዳቱ፤ ሰው ሳቀ። ሌላችን «ያልደከመ አያገኝም» አልን። በዚህ መሐል ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ «ካልደፈረሰ አይጠራም፣ በሉት» አሉ። ሚኒባሱ በሙሉ ተስማማ። ረዳቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሳፋሪ በሂሳብ ሲጨቃጨቀው መስተዋቱን እያሳየ «ካልደፈረሰ አይጠራም ይላል እንግሊዝ!» ይል ነበር። የትርጉም ትምህርት ክፍል ውስጥ ብዙ ተምረናል፤ እንዲህ ያለ ፈተና ግን ወጥቶልን አያውቅም።

ክፍሉ

ወልዲያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የጦርነቱ መተላለፊያ ነበሩ። እኛ ያስተማርናቸው ልጆች ያን ጊዜ የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ትምህርት ተቋርጦ ተመልሷል፤ ዴስኩ ግን እንደ ልጆቹ አልተመለሰም። አራት እየሆኑ ይቀመጣሉ፤ ኋላ የመጣ ድንጋይ ይዞ ይገባል።

በታኅሣሥ ወር «የማልረሳው ቀን» በሚል ርእስ አንድ ገጽ እንዲጽፉ አዘዝን። አንዲት ልጅ ሁለት መስመር ብቻ ጽፋ ሰጠች፤ «ደብተሬን ማሽላ ጎተራ ውስጥ ደበቅሁት። ማሽላው ተወሰደ፤ ደብተሩ ቀረ።» ማታ በኩራዝ ስናርም ተከራከርን። አንዳችን «አንድ ገጽ ብለናል፤ ለሌሎቹ ፍርድ አይሆንም» አለ። ሌላችን «ምን ይጨመርበት?» አለ። ስንሟገት መሸ። በማግሥቱ ራሷ ቆማ እንድታነበው አደረግን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ «የኛንም ማሽላ ነው የወሰዱት» አለ። ከዚያ ሁሉም በየተራ መናገር ጀመረ፤ ያን ዕለት ሰዋስው አልተማርንም።

በጥር ወር የ12ኛ ክፍል ውጤት ተነገረ፤ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ተባለ። ቅዳሜ ስንገባ ልጆቹ ወሬውን ሰምተውታል። «ቲቸር፣ 3.3 በመቶ ስንት ሰው ነው?» አለ አንዱ። ክፍላችን 60 ነበር። ሰሌዳው ላይ አሰላነው፤ 2 ሰው ወጣ። ስድሳዎቹ ልጆች ሁለቱን ለመፈለግ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ «እኔ አይደለሁም» ብሎ ደብተሩን ዘጋ። እኛም የምንለው ጠፋን። ያቺ ባለ ጎተራዋ ልጅ ግን «አብሽር፣ ገና አራት ዓመት አለን» አለችው። አብሽር ወሎ ለታመመ፣ ለከሰረ፣ ለወደቀ፣ ለሞተበትም የሚላት ቃል ናት፤ በርታ፣ አይዞህ፣ ይኸም ያልፋል ሁሉ እሷ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድሳውም መጡ፤ ካጎራባች ቀበሌ አምስት ጨምረው።

ቤቱ

የምናድርባት ሴትዮ እስላም ናቸው። የናታቸው ወገን ክርስቲያን ነው፤ በወሎ ይህን የሚገርም ነገር አድርጎ የሚያወራ እንግዳ ብቻ ነው። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። እሳቸውም የኛን ነገር ባንድ ቀን አጥንተውታል፤ ሁለቱ ያዲስ አበባ ልጆች ጾመኛ፣ የጅማው ሰጋጅ፣ የሶዶው ጴንጤ። «ምን ይቸግራል፣ ሆድ እንደሁ አንድ ነው» አሉና ገበታውን አወቁበት።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገናኙ። ረመዳን መጋቢት 14 ገባ፤ ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ ሚያዝያ 13 ዋለ። ሦስት ሳምንት በላይ የእትዬ ምድጃ ቀን ቀን ጭስ አጣ። የሶዶው ጓደኛችን ብቻውን የሚበላ ሆነና አፈረ። «ብላ ልጄ፤ ያንተ ጾም ሌላ ጊዜ ነው» ይሉታል፤ እሱ ግን እስከ መግሪብ ከኛ ጋር መዋል ጀመረ። አዛን ሲል ቴምሩ ለሁላችንም ይታደላል፤ ቀጥሎ ቡናው፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። እትዬ ዱዓ ሲያደርጉ ለልጆቻቸው ብለው ጀምረው «ለነዚህም የሰው ልጆች» ይላሉ። አሚን እንላለን፤ አራታችንም።

ልጆቹ ጎረቤት ሆነው ማታ ማታ ይመጣሉ። መጀመሪያ ሰሞን የሶዶው ልጅ አማርኛ ሲናገር ይስቁበት ነበር። እሱም ነገሩን ገልብጦ ወላይትኛ ያስተምራቸው ያዘ። በፋሲካ ሰሞን መርሳ ገበያ መሐል «ሳሮ፣ ቲቸር! ሳሮ!» የሚለው ሰላምታ ከየሱቁ ይሰማ ነበር።

ሽማግሌው

ትምህርት ቤቱ አጠገብ ዋርካ ሥር የሚቀመጡ አንድ አባት አሉ።

«ኸየትኛው ድርጅት ናችሁ?» አሉን።

«ከየትም አይደለን፤ ተማሪዎች ነን።»

«ስንት ይከፍሏችኋል?»

«ምንም።»

«እንዲያ ከሆነ ትሰነብታላችሁ። ክፍያ ያለው እንደሁ ክፍያው ሲያልቅ ነው የሚሄደው።»

ስለ ድሮው ጠየቅናቸው። በወጣትነታቸው የ1965ና የ66ን ረሀብ አይተዋል። ይኸው የደሴ መንገድ ግራና ቀኙ በተራበ ሰው ተሞልቶ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ላይ ያሳዩት በ1965 ነው፤ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ለዓለም የታየው ደግሞ በጥቅምት 1966። እሳቸው ስለ ፎቶግራፉም ስለ ፊልሙም አያውቁም። የሚያውቁት ማን እንደሞተ ነው።

«ኸናንተ በፊትም መጥተው ነበር» አሉን ቀጥለው። «ጸጉራቸውን ያጎፈሩ፣ የዘመቻ ልጆች። እኔን ፊደል ያስቆጠረችኝ አንዲት ያዲስ አበባ ልጅ ናት። ሄደች። ደብዳቤ እጽፋለሁ ብላ ነበር፤ አልጻፈችም።» ትንሽ ዝም ብለው «ፊደሉን ግን አልወሰደችውም» አሉ።

ለቅሶው

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ማታ የሶዶው ጓደኛችን አባቱ ማረፉን በስልክ ሰማ። ከመርሳ ሶዶ ቢያንስ የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ቀብር አይደርስም። ምን እንደምንለው ጨነቀን። እትዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ያባትህ ስም ማን ነው?» ነገራቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

ሳይነጋ ግቢው ሞላ። ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ንፍሮ መጣ፤ ቡና ተፈላ። ሴቶቹ ያላዩትን ሰው በስሙ እየጠሩ አለቀሱለት። የዋርካው አባት ዱዓ አደረጉ፤ የጎረቤት ክርስቲያኖች በየበኩላቸው ጸለዩ፤ እሱም በቋንቋው ጸለየ። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ገቡና እንደ ትልቅ ሰው «አብሽር ቲቸር» እያሉ በየተራ ጨበጡት። ረፋዱ ላይ እትዬ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ ሰጡት። የመንገድ ነው። «ሂድና ናትህን አጽና። አባትህ እንደሁ እዚህም ተለቅሶለታል።»

በሁለተኛው ሳምንት ተመለሰ። እናቱ ለእትዬ ቅቤና ቆጮ ልካለች። የሶዶና የመርሳ ሁለት እናቶች አንዳቸው የሌላቸውን ቋንቋ ሳያውቁ በስልክ ሲላቀሱ ሰምተናል።

ከዚህስ ወዲያ?

በ1950ዎቹ አጋማሽ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ዲግሪ ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ እንዲያገለግል ደንብ አወጣ፤ ብዙዎቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሪ ሆኑ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። ያም ይኸም በትእዛዝ የሆነ ነው፤ የዘመቻው ብዙ መከራና ደም ያለበት ታሪክ ነው። እንዲመለስ አንመኝም። ነገር ግን ተማሪና ሕዝብ የሚተያይበት በር ነበር፤ ያ በር ሲዘጋ በቦታው የተተካው የግቢ አጥር ነው።

መንግሥት የጅማውን ልጅ ወልዲያ፣ የወልዲያውን ጅማ ይመድባል። ምደባ ግን ሰውን ከቦታ ያገናኛል እንጂ ከሰው አያገናኝም። ከሰው ጋር የሚያገናኘው ሥራ ነው፤ የሰው ልጅ ማስተማርን የመሰለ ሥራ ደግሞ አልገጠመንም። ልጁን ያስተማርክለት ሰው ቤቱን አይዘጋብህም። ባንዱ ክልል ሰው ስለ ሌላው ክፉ ወሬ ሲነዛ «እኔ እዚያ አባቴ ተለቅሶለታል» የሚል አንድ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. ልንቀጥል አስበን ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ቅዳሜያችን ቀረ። ልጆቹ የክልሉን ፈተና ከዚያ በፊት ተፈትነው ነበር። ውጤት የወጣ ሰሞን ባለ ጎተራዋ ልጅ ደወለችና ረጅም ስም ዝርዝር አነበበችልን። «ቲቸር፣ ኸሁለት በላይ ነን» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ የተመደብክበት፣ አንቺም የተመደብሽበት ከተማ ስም አለው። ዋርካ፣ መናኸሪያ፣ ቡና የምታፈላ እናት አለችው። ስለ ጃፓን ከተጻፈ ዘመን የለውም፤ ደግ ሆነ። ያ ከተማ ግን እስከ ዛሬ ጸሐፊ እየጠበቀ ነው። አጥሩን ተሻገሩና፣ መጀመሪያ አስተምሩ፤ ከዚያ ጻፉ።