የኋላ ጎማ ሲጮህ፦ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለን። ዛሬ የማወራችሁ ከአሮጌ ቫን ኋላ ስለሚመጣ ድምፅ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በረዶው ቀልጦ የአስፋልቱ ጉድጓድ ሲገለጥ፣ እዚህ ካልጋሪ ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ ወሬው ሁሉ "ከኋላ የሆነ ነገር ይጮህብኛል" ነው። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ "ኩሽኔታ ነው፣ አስቀይረው።" ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የብዙ ቀን ገቢ ነው።

ጋሼ እያልን የምንጠራው አንድ ታላቃችን አለ። አዲስ አበባ ለዓመታት ሚኒባስ የነዳ ሰው ነው። ቫኑ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ድምፅ ሰምቶ አንድ ጋራዥ ወሰደው፤ ሁለት የኋላ ኩሽኔታ፣ ሁለት አሞርዛተር፣ አራት ጎማ የሚል ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ እሱ ሲያነብልኝ ድምፁ ተቀየረ። "ኢንጂነር፣ እስቲ አንተ ስማልኝ" አለኝ። (እዚህ ግቢ ውስጥ ስሜ ኢንጂነር ነው። ከግቢው ስወጣ ቁጥር ነኝ።) ቅዳሜ አንድ ቤተሰብ ወደ ባንፍ ሊወስድ ቃል ገብቷል፤ ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ደህና ሥራ ነው።

ጋሼ የራሱ ግምት ነበረው፦ "ባሌስትራው ነው።" ልማድ ነው። አገር ቤት የነዳው ሚኒባስ ኋላው ላይ የተደራረበ ባሌስትራ አለው፤ ባዶውን ሲሄድ ይንኳኳል፣ ሕዝብ ሲሞላ ጸጥ ይላል። የዛሬው ቫን ግን ባሌስትራ የለውም፤ ጥምዝ ሞላና ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኝ አግዳሚ ብረት ነው ያለው። ቢሆንም የጋሼ ጆሮ ትልቅ ነገር ያውቃል፦ ድምፅ በጭነት ይለወጣል። እኛ የኤርፖርት ሹፌሮች ደግሞ በዚህ ዕድለኞች ነን። በቀን ስንቴ ባዷችንን መጥተን ስድስት ሻንጣ ጭነን እንወጣለን። ሌላው ሰው ለመሞከር ሲሚንቶ መጫን አለበት!

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ኩሽኔታ አይደለም። "ጋሼ፣ ይንኳኳል ወይስ ይጮሃል?" አልኩት። ሁለቱ አንድ በሽታ አይደሉም። ጉድጓድ ሲያገኝ ብቻ "ኳ" የሚል ነገር ከአሞርዛተሩ፣ ከጎሚኒው፣ ከተሰበረ ሞላ ወይም ከላላ ቡሎን ነው የሚመጣው። ጉድጓድ ሳይኖርም ከፍጥነቱ ጋር እየጨመረ "ዉዉዉ" የሚል ግን የሚሽከረከር ነገር ነው፦ ጎማ ወይም ኩሽኔታ። የጋሼ ቫን ሁለቱም ነበረበት፤ ጋራዡም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ሁሉንም ጠቅልሎ የጻፈው።

አብረን ወጣን። ከዚያ በፊት ግን ከኋላ ያለውን ዕቃ በሙሉ አወረድን። ክሪኩ፣ የበረዶ መጥረጊያው፣ የታጠፈው ወንበር መቆለፊያ፣ በብዙ ቫን ላይ ከሆዱ ሥር በገመድ የተንጠለጠለው ስኮርታ፣ እነዚህ ሁሉ ይንኳኳሉ። ቫን ማለት ከበሮ ነው፤ አንዱ ጋ የተመታው ሌላው ጋ ይሰማል። ስኮርታ አጥብቆ የዳነ ሰው አውቃለሁ፤ የከፈለው ላቡን ብቻ ነው።

ዲርፉት መንገድ ላይ ጭር ሲል ከፍጥነቱ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገን ለቀቅነው። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ "ዉዉዉ"ው ግን አልወረደም። ስለዚህ ሞተርም አይደለም። አዲስ አስፋልት ላይ ስንገባ ድምፁ በጥቂቱ ቀነሰ። ይህ የጎማ ምልክት ነው፤ ኩሽኔታ የአስፋልቱ ዓይነት ግድ አይሰጠውም። ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ከዚያ ጋሼ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሲያዘነብል ጩኸቱ ጨመረ፣ ወደ ቀኝ ሲመልስ ረገበ። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ የታመመው ኩሽኔታ ሲጫኑት ነው የሚጮኸው። ሁሌ አይሠራም፤ ግን ቀኙን ጠረጠርን።

ቀጥሎ ጠፍጣፋ መሬት። የፊት ጎማው ሥር መደገፊያ ድንጋይ፣ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሌላ ደግሞ መቆሚያ ብረት። በክሪክ ብቻ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ይህን ጽሑፍ ይዝለለው፤ እኔ ለቅሶ መሄድ ሰልችቶኛል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ናጡት፤ መወዛወዝ የለበትም። ከዚያ አንድ እጃችሁን ሞላው ላይ አድርጋችሁ በሌላው ጎማውን አሽከርክሩት። ጤነኛው እንደ ቅቤ ነው። የታመመው በሞላው በኩል እጃችሁ ላይ ይንገጫገጫል፣ አሸዋ የገባበት ወፍጮ ይመስላል። የጋሼ ግራ ጤነኛ ነበር። ቀኙ ይንገጫገጫል፣ በዚያ ላይ ይወዛወዛል።

ጎማውን ደግሞ በመዳፋችሁ ዳብሱት። የጎማው ጥርስ ቦታ ቦታ ላይ ጎድጎድ እያለ ከተበላ አሞርዛተሩ ሞቷል ማለት ነው፤ ጎማው መሬቱን እየነካካ ይዘላል፣ ሲዘል ይበላል። አሞርዛተሩን ትታችሁ አዲስ ጎማ ብትገዙ አዲሱንም ይበላዋል። የጋሼ አሞርዛተር ዘይቱን እስከ ታች አፍስሷል፤ የኋላ ጎማዎቹ ተበልተዋል፣ የፊቶቹ ግን ገና ዓመት የሚሠሩ ናቸው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ አንድ ኩሽኔታ፣ ሁለት አሞርዛተር (እሱ ግን ጥንድ ሆኖ ነው የሚቀየረው)፣ ሁለት ጎማ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ስምንት ነገር ነው፤ አሁን አምስት ሆነ።

በነገራችን ላይ ከአገራችን የሚለየው ነገር፦ እዚያ ኩሽኔታ ይታጠባል፣ ግራሶ ይሞላል፣ ተጠብቆ ይመለሳል። የእንደዚህ ዓይነቱ ቫን የኋላ ኩሽኔታ ግን የታሸገ ነው፤ ከነመያዣው አንድ ላይ በአራት ቡሎን ይታሰራል፣ የኤቢኤስ ሴንሰርም አብሮት ሊኖር ይችላል። ግራሶ መጨመር የለም። የዚህ አገር ጨው ቡሎኑን ስለሚያዝገው ማታ ዝገት ማላቀቂያ ነፍታችሁ አሳድሩት።

ስለ ብርዱም አንድ ነገር። በ30 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያደረ መኪና ጠዋት የሚያሰማውን አትመኑት። ጎሚኒው ደርቋል፣ የአሞርዛተሩ ዘይት ወፍሯል፣ ጎማው በቆመበት በኩል ጠፍጥፎ አድሯል። የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች "ዱብ ዱብ" ብሎ ሲሞቅ የሚተው ነገር በሽታ አይደለም። ድንገት እንደ ፉጨት የሚጮኽ ሲሆን ደግሞ ከተማው ለበረዶ ከሚበትነው ጠጠር አንዷ ዲስኩና መከላከያ ቆርቆሮው መሀል ገብታ ይሆናል፤ ጥቂት ወደ ኋላ ሂዱ፣ አንዳንዴ ራሷ ትወድቃለች።

ጋሼ ሁሉን ሰምቶ "እንግዲህ ቅዳሜን ልሥራና ሰኞ አሠራዋለሁ" አለኝ። እዚህ ላይ ተጣላን። የተበላ ጎማ ይጠብቃል፣ አሞርዛተርም ለሳምንት ይታገሣል። የሚወዛወዝ ኩሽኔታ ግን አይታገሥም፤ ይሞቃል፣ ይበላል፣ በመጨረሻ ጎማውን ይዞት ይወጣል። ያ ደግሞ በ110 ፍጥነት፣ ከኋላው ሕፃናት ተቀምጠው። "ጋሼ፣ የሰው ልጆች ናቸው" አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ ስልኩን አወጣና የባንፉን ሥራ ለሌላ ወንድማችን ሰጠ። ለሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ አራተኛው ቀን ቡና ይዞልኝ መጣ። ቡናው የማሽን ነው፣ ግን ቡና ነው።

አንድ ልጨምር፦ ጎማ ተፈትቶ ከታሰረ በኋላ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ዳዶዎቹን እንደገና በመለኪያ ቁልፍ አጥብቁ። ድምፅ ያለባችሁ ደግሞ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ "መኪናዬ ይጮሃል" ብላችሁ ግን አይደለም። በስንት ፍጥነት ይጀምራል? ባዶውን ነው ተጭኖ? ወደየት ስትታጠፉ ይብሳል? ቀዝቃዛ ሆኖ ነው ሞቆ? እነዚህን አራቱን የጻፈልኝ ሰው ተራ እስኪደርሰኝ ድረስ እመልስለታለሁ።