ልጁ ከከፈተው ገጽ እንጀምር



እዚህ ደባርቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአጥቢያችን የመጻሕፍት ክፍል ይከፈታል። ክፍል እንበለው እንጂ ሁለት መደርደሪያና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ናት። ከአሥር እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች ይመጣሉ። ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ሊማሊሞን ወጥተው ከድብ ባሕር በኩል የመጡም አሉ፤ ስንቃቸው በመኪና ይላክላቸዋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው ይገቡና "ምን ላንብብ?" ይሉናል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በእጃችን ያለ ይመስለን ነበር። ዛሬ ያጠፋነውን ልንነግራችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በታዳጊዎች ፕሮግራም ላይ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የመዝሙር ደብተሩን ከፍቶ፣ ከሥሩ ሌላ መጽሐፍ ሲያነብ አገኘነው። ጠርዙ ያለቀ "ፍቅር እስከ መቃብር" ነበር። በጓደኞቹ ፊት ከእጁ ወሰድንበት። "ይህ የዓለም መጽሐፍ ነው፤ አይጠቅምህም" አልነውና በምትኩ ስለ ወጣትነት ፈተና የሚናገር አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ሰጠነው። ተቀበለን፤ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። እሑድም ቀረ። ወር አለፈ።

የሚያሳፍረን ሌላም ነገር አለ። እኛ ሃምሳን ያለፍን ሰዎች ይህንኑ ታሪክ በልጅነታችን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ"ከመጻሕፍት ዓለም" ሰምተናል። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርክ ጎረቤት ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከቦ ጸጥ ይል ነበር። መጽሐፉን ግን ከዳር እስከ ዳር አንብበነው አናውቅም። ያላነበብነውን ነው የከለከልነው።

ከዚያ የልጁ እናት ስንቅ ይዛ ከድብ ባሕር መጣች። ልጇ ከአምልኮ መቅረቱን አልሰማችም ነበር። "ሕፃን ሳለ ሊሞትብኝ ሲል፣ 'ጌታ ሆይ፣ ካተረፍክልኝ ያንተ አገልጋይ ይሁን' ብዬ ተስያለሁ። አደራችሁን፣ ወንጌላዊ አድርጉልኝ" አለችን። እኛም "አሜን" ብለን ሸኘናት።

በዚያ ሳምንት የቀማነውን መጽሐፍ ከፈትን። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም። በዛብህ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ ነው። እርሱ ሳይጠየቅ የተገባ ስእለት እስከ ጉልምስናው ይከተለዋል። ገጹን እየገለጥን ሄደን አንድ ቦታ ላይ ቆምን። ያ ልጅ በመዝሙር ደብተሩ ሥር ደብቆ ያነብ የነበረው የራሱን ጥያቄ ነበር። እኛ ግን ጥያቄውን ሳንሰማ መጽሐፉን ነጠቅነው።

መጽሐፉን ይዘን ወደ ተከራየባት ክፍል ሄድን። ይቅርታ ጠየቅነው፤ መጽሐፉንም መለስንለት። "የቱ ጋ ደርሰህ ነበር?" ስንለው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "በዛብህ በስእለቱና በልቡ መካከል የተጨነቀበት ላይ" አለን። ቀጥሎም "ፓስተር፣ ሰው ሳይጠየቅ ለእግዚአብሔር ይሰጣል?" ሲል ጠየቀን። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ዓመታት ተምረናል፤ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ግን አልነበረንም።

ያን ምሽት በኩራዝ ብርሃን የሐናንና የሳሙኤልን ታሪክ አብረን አነበብን (1ኛ ሳሙ. 1-3)። ሐና ልጇን ለጌታ ሰጥታለች። ይሁን እንጂ እግዚአብሔር በእናቱ ስእለት ብቻ አላበቃም፤ ሳሙኤልን ራሱን በሌሊት በስሙ ጠራው። ዔሊ መጀመሪያ አላስተዋለም፤ ልጁንም ተመልሶ እንዲተኛ ነገረው። ሲገባው ግን ምን ብሎ እንደሚመልስ አስተማረው እንጂ በልጁ ፈንታ አልሰማለትም። ልጁ ይህን ሲሰማ "እንግዲያው እኔም እጠብቃለሁ" አለ። ወደ ጉባኤው ተመለሰ። ዛሬ በሌላ ከተማ የጤና ትምህርት ይማራል፤ ጌታ ወዴት እንደሚጠራው ገና አናውቅም። እናቱም ልጇን ሳትጠይቀው እንደኖረች ገብቷት፣ አሁን ከእርሱ ጋር ትጸልያለች።

ወገኖች ሆይ፣ የሐዋርያት ሥራ 8ን ሁላችንም እንወደዋለን፤ የአገራችን ሰው አለበትና። ጃንደረባው በሠረገላው ላይ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰ፤ ሲያነብ ሰማው፤ ጠየቀው፤ ሲጋበዝም ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ወንጌሉን የነገረውም ሰውየው ይዞት ከነበረው ከዚያው ክፍል ጀምሮ ነው። ጥቅልሉን ከእጁ አልወሰደበትም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን የምንሠራበት መንገድ ተለውጧል። ልጅ ሲመጣ አስቀድመን ዝርዝር አናወጣም። "የወደድከው የመጨረሻው መጽሐፍ ምን ነበር? ምን ሰለቸህ? አሁን ምን እያሰብክ ነው?" እንላለን። ራሳችን ያላነበብነውን አናበረታታም፤ ያላነበብነውን አንከለክልምም። ለልጁ ዕድሜ የማይሆን መጽሐፍ መኖሩ አይካድም፤ ሲያጋጥመን ምክንያቱን ፊት ለፊት እንነግረዋለን። ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን የሚመጡ ልጆችም ስላሉ፣ ወላጅ ልጁ የሚወስደውን መጽሐፍ አስቀድሞ እንዲያየው እንጋብዛለን። መጽሐፍ ወጥመድ መሆን የለበትም።

ለአሥርና ለአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ተረት ትልቅ ነገር ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳሉ በአገራችን ቋንቋዎች የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አሳዘናቸው። "ቂሎ ማሞ"ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አቆሙ። አህያ እህል ሲጭን ለምናየው ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ለታዳጊዎች ግን ተረት ሁልጊዜ አይበቃም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ሲደርስ የከተማችን ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሆነው ነበር። ያኔ አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መጣች። የሚያስቅ ተረት ሰጠናት፤ በማግስቱ መለሰችው። "ስለ ጦርነት የሚያወራ የላችሁም?" አለችን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙትን "ጦቢያ"ን አነሣን። ጦርነት የበተነው ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። አማርኛው የቀድሞ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አብረናት አነበብን። ቀሪውን ብቻዋን ጨረሰችው። ስትመልሰው "እኔም ወንድሜን እየፈለግሁ ነው" አለችን። ስለ ወንድሟ ስትናገር የሰማናት ያን ቀን ነበር። ከዚያ ጸለይን።

ወላጆች፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ልጃችሁ የያዘውን መጽሐፍ ከመፍረዳችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና "የቱ ጋ ደረስክ?" በሉት። መልሱን እስኪጨርስ አታቋርጡት።

ጌታ ሆይ፣ ሳንሰማቸው ያሳፈርናቸውን ልጆች አስበን፤ እኛንም ይቅር በለን። ወደ ሠረገላቸው የምንቀርብበትን ትሕትና ስጠን። በስማቸው ስትጠራቸው ድምፅህን ይለዩ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።