ስድስት ጎራሿ ሽጉጥ

   ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ሽጉጥ ነው። አዎ፣ አሮጌ ሽጉጥ ገዛሁ። ወሬው በስልክ ከእኔ ቀድሞ ጎንደር ስለ ደረሰ (እማዬ ለማን እንደ ነገረች አውቃለሁ) ነገሩን ከነምክንያቱ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው።

ምክንያቱን እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 2022 በከተማችን በቤርሼባ አንድ ሰው በስለትና በመኪና አራት ሰው ገደለ፤ ያስቆመው ሽጉጥ የያዘ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ጥቅምት 7 ቀን 2023 ደግሞ ገዳዮቹ ኦፋኪም ድረስ ገቡ። ኦፋኪም ከእኛ ምን ያህል ይርቃል? በመኪና ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ ግማሽ። እዚያ ሠራዊቱ እስኪደርስ ድረስ ከቤታቸው ሽጉጥ ይዘው የወጡ ነዋሪዎች ናቸው የተዋጉት። ያን ቀን እኔ በሩን ቆልፌ፣ የወጥ ቤት ቢላዋ ይዤ፣ ልጆቼን መጠለያ ክፍል አስገብቼ ተቀመጥኩ። ሦስት ዓመት ወታደር የነበረ ሰው ቢላዋ ይዞ! ከዚያ በኋላ ነው ማመልከቻ ያስገባሁት።

እዚህ አገር መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ብቻ ነው። ከ2018 ወዲህ በሠራዊቱ ተዋጊ ሆነው ያገለገሉ ሰዎች ማመልከት ይችላሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ በሩ ይበልጥ ተከፍቷል፣ የሚፈቀደውም ጥይት ከ50 ወደ 100 ከፍ ብሏል። ቢሆንም ሐኪም የፈረመበት የጤና ወረቀት፣ ቃለ መጠይቅ፣ የተኩስ ሥልጠና አለ። የወረቀቱን ጣጣ ልተወው፤ ሚስራድ የሚባለውን ነገር የማያውቅ ሀበሻ እዚህ የለም።

ፈቃዱ ሲመጣ ጓደኞቼ በሙሉ ግሎክ ግዛ አሉኝ። ባለሱቁ ግን ከመስተዋቱ ሥር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣና አሳየኝ። ባለቤቷ ሸምግለው ፈቃዳቸው አልታደሰላቸውም፤ ሱቁ እንዲሸጥላቸው ትተዋት ሄደዋል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን፣ ሠላሳ ስምንት ካሊበር፣ በዕብራይስጥ «ቱፒ» የሚሉት፣ በእኛ ስድስት ጎራሽ። ከበሮ የመሰለው ጥይት መያዣ ይዞራል፣ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው፤ ዕብራይስጡ «ቶፍ» ከበሮ ማለት ነው። ዋጋዋ የአዲስ ግሎክ ግማሽ አይሞላም። ጓደኞቼ «ሙዚየም ገዛህ እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

እኔ የሙያ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፣ ብረት ሳይ ዓይኔ አይተኛም። መለያ ቁጥሯ «ሲ» በሚለው ፊደል ይጀምራል፤ ይህ ከ1948 ወዲህ የተሠራች ለመሆኗ ምልክት ነው። ፋብሪካው በ1957 ለዚህ ዓይነት «ሞዴል 10» የሚል ስም ሰጥቶ በብረቱ ላይ ማተም ጀምሯል፤ በእሷ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ከአባቴ ጋር እኩያ ናት ማለት ይቻላል። ዕድሜዋን ማወቅ ለወግ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚህ ዘር የሆነ ሽጉጥ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ላይ ወድቆ ባረቀና ሰው ገደለ፤ ከዚያ በኋላ ነው መዶሻው ምላጩ ካልተሳበ ጥይቱን እንዳይነካ የሚከለክል ብረት የተሻሻለው። የእኔዋ ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ሳያጣሩ አሮጌ ሽጉጥ መግዛት አይገባም።

ከመክፈሌ በፊት እዚያው ባዶ መሆኗን አይቼ መዶሻውን በአውራ ጣቴ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። መዶሻው መጨረሻው ላይ ሳይደርስ ከበሮው «ጠቅ» ብሎ መቆለፍ አለበት፤ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ስድስቱም ቆለፉ። ከበሮውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ብዙም አይወዛወዝም። በርሜሉን ብርሃን አስገብቼ አየሁት፤ ቆሽሿል እንጂ አላበጠም፣ ዝገትም አልበላውም። ከዚያ ምላጩን ብቻ ሳብኩ። የዚህ ዓይነት ሽጉጥ ምላጭ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ወስዶ ራሱ ይለቀዋል። ታዲያ ከባድ ነው፣ አምስት ኪሎ ያህል ይጎትታል። ያ ክብደት ለእኔ ጥሩ ነው፤ ሰው ሳያስብ በድንገት አይስበውም።

ቤት ስደርስ ማጽዳቱ ሁለት ማታ ፈጀ። ሰውየው ለዓመታት ዘይት ብቻ ሲጨምሩባት ኖረዋል መሰለኝ፣ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ረግቶ እንደ ማር ሆኗል። መጀመሪያ ባዶነቷን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ቆለፍኩ። ከፊት ያለችውን ትንሽ ቡሎን ፈትቼ ከበሮውን አወጣሁ። የእነዚህ ቡሎኖች አናት ለስላሳ ስለሆነ ልኩ ያልሆነ ካቻቢቴ ይቦጭቃቸዋል፤ የአስተማሪዬ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የጎኑን ክዳን በጉልበት መንቀል የለም፤ ቡሎኖቹ ከወጡ በኋላ እጀታውን በእንጨት መታ መታ ሲያደርጉት ራሱ ይነሣል። ውስጡ እንደ ሰዓት ነው። ማሟሟያ ቀብቼ በነሐስ ብሩሽ በርሜሉን ከአፈሙዙ በኩል ጠረግሁ፣ ከዚያ ስድስቱን ቀዳዳዎች። ብዙ ሰው የሚረሳው ቦታ ቀለሁን የሚገፋው የኮከብ ቅርጽ ያለው ብረት ሥር ነው፤ እዚያ ያልተቃጠለ ባሩድ ከተጠራቀመ ከበሮው በደንብ አይዘጋም። የጥርስ ብሩሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዘይቱን በመጨረሻ፣ በጨርቅ፣ ስስ አድርጌ። ዘይት ቢበዛ ወደ ጥይቱ ገብቶ ያከሽፈዋል።

በዚያ ማታ አያቴን አሰብኩ። አያቴ ባለ እጅ ነበር፤ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ይሠራል፣ የገበሬውንም ጠመንጃ ይጠግናል። ታላላቆቻችሁን ጠይቁ፤ ቀን ማረሻ ሊያሠራ የመጣ ጎረቤት ማታ «ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል» ይለዋል። ምንሽር የሚጠግነው እጅ ምንሽር ይዞ መሬቴ ነው ማለት አይችልም ነበር። መሣሪያ በአገራችን ክብር ነው። አጤ ቴዎድሮስ በ1868 መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው የጠጡት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችላቸው ነው ይባላል፤ ይህን ታሪክ ያስተማረን ያው ቡዳ የተባለው አያቴ ነው።

እማዬ ግን የክብሩ ነገር አይገባትም። «ልጄ፣ ቢላዋ የያዘው ሰውዬ ሲመጣ አንተም ሽጉጥ ይዘህ ብትወጣ፣ ማንን ነው መጀመሪያ የሚተኩሱት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥቅምት 18 ቀን 2015 በዚሁ በከተማችን አውቶቡስ መናኸሪያ ጥቃት ሲፈጸም ሀፍቶም ዘርሁም የሚባል የ29 ዓመት ኤርትራዊ ስደተኛ ሽጉጥም ቢላዋም አልያዘም ነበር። መልኩን አይተው ሁለተኛ አጥቂ መሰላቸው፤ ጥበቃው ተኮሰበት፣ መሬት ከወደቀ በኋላም ደበደቡት፣ ሞተ። ከተከሰሱት ሁለቱን ፍርድ ቤት በ2020 ነፃ ለቀቃቸው። እማዬ በዚያ መናኸሪያ በኩል ስታልፍ እስካሁን ነጠላዋን ታጠብቃለች። በኅዳር 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ አጥቂዎችን በሽጉጡ የመታው ዩቫል ካስልማንም በወታደር ጥይት ተገደለ። እሱ ነጭ ነበር፣ ሽጉጡን ጥሎ እጁንም አንሥቶ ነበር። እንግዲህ የእኔን አስቡት።

ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ቆረጥን፤ ሽጉጧ የቤት ናት። ገበያ፣ መናኸሪያ፣ ሠርግ አትወጣም። ሌላም ያሰብነው ነገር አለ። ብዙ ወገኖቻችን በጥበቃ ሥራ ይተዳደራሉ፤ ድሮ ሽጉጡን ከሥራ በኋላ ቤት ይወስዱት ነበር፣ በዚያ ሽጉጥ የተገደሉ ሚስቶች አሉ። በ2013 መሣሪያው ሥራ ቦታ እንዲቀር የታዘዘው በዚህ የተነሣ ነው። ባለቤቴ ይህን ስታነሣ አልተቆጣሁም። «የምትናደድ ቀን ቁልፉን ለወንድምህ ትሰጣለህ» አለች፣ እሺ አልኩ። ካዝናውን ግድግዳው ላይ በአራት ቡሎን አሰርኩት።

ማጽዳቱን የጨረስኩት ሐሙስ ማታ ነው። እማዬ መጣችና «ክፈተውና አሳየኝ» አለች። ከበሮውን ወደ ጎን አውጥቼ ወደ መብራቱ አዞርኩላት። መነጽሯን አድርጋ ስድስቱን ቀዳዳ በትንሿ ጣቷ አንድ በአንድ እየነካች ቆጠረች፤ ጣቷን አሸተተችና «የአባቴ ቤት ይሸታል» ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች።