ሶዶ፣ የጦና ንቦች ከተማ

ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ሲወርዱ ከከተማው ቀድሞ የሚታይዎት የዳሞታ ተራራ ነው። በዙሪያው እንሰት የከበባቸው ቤቶች ተጠጋግተው ተሠርተዋል፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ሰዉ ብዙ። ሥጋ ቤት ገብተው ጥሬ ሥጋ በዳጣ ይቅመሱ፤ ለሕፃናት ግን ዳጣውን ቀነስ ያድርጉላቸው፣ ያቃጥላል።

ልጆች ይዘው ከሄዱ ወሬው ቶሎ ወደ ኳስ ይዞራል። የከተማው ክለብ ወላይታ ድቻ «የጦና ንቦች» ይባላል። ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ጦር የተሸነፉት የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ናቸው። ክለቡ የ2009ን የኢትዮጵያ ዋንጫ አንስቶ ነበርና በ2010 በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፈ። የዛንዚባሩን ዚማሞቶ ካሰናበተ በኋላ የደረሰው የግብፁ ዛማሌክ ነው፤ በ1911 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ የአፍሪካን ሻምፒዮንነት አምስት ጊዜ የወሰደ ክለብ። ድቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸነፈ። ድምሩ 3 ለ 3፣ በሜዳ ውጪ የገባውም ጎል እኩል ሆነና ወደ መለያ ምት ሄዱ። ድቻ 4 ለ 3 አለፈ!

በፖከር ውድድር ቺፕ ያነሰው ተጫዋች የሚከተለው ብልሃት አለ። ባይጫወትም ተራው በደረሰ ቁጥር የግዴታ መዋጮ ይከፍላል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ያልቅበታል፣ በየካርታው ጥቂት ጥቂት ቢያስገባም ያልቅበታል። የሚያዋጣው ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ታግሦ ያለውን ሁሉ ባንዴ ማስያዝ ነው። ትንሽ የያዘ ሰው ብዙ የያዘውን ሊረታ የሚችለው በጥቂት ወሳኝ ጨዋታዎች ነው፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ብዙ የያዘው ያይላል። ዛማሌክን በሠላሳ ጨዋታ ሊግ መቅደም አይታሰብም፤ በሁለት ጨዋታና በመለያ ምት ግን ይቻላል።

የውርርድ ቤቶች ነገሩን ይገለብጡታል። በየቀኑ ሃያ ብር የሚያስይዝ ወጣት ራሱን እንደ ድቻ ይቆጥር ይሆናል። እሱ ግን የገባው ማለቂያ በሌለው ሊግ ውስጥ ነው፤ ተጋጣሚው ብዙ የያዘው ቤት ነው፣ ክፍያውንም የሚተምነው ያው ቤት ነው። አንድ ቀን ቢበላም በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል። የልጅ ልጅዎ «ድቻስ ዛማሌክን አሸንፎ የለ?» ካለዎት ስንት ጨዋታ እንደነበር ይጠይቁት።

ቀጣዩ ተጋጣሚ የታንዛኒያው ያንጋ ነበር። ድቻ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሐዋሳ ላይ ግን 1 ለ 0 አሸነፈ፤ አንድ ጎል ጎደለችው። ደጋፊው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ ሶዶ ተመለሰ።