«የሉም፤ ለቅሶ ሄደዋል»

ሰዎች ስለ ድሮ ሰፈር ሲያወሩ ዝም የምልበት አንድ ጨዋታ አለ፤ የሰፈር ስልክ። «ያኔ እኮ አንድ ስልክ ለሃያ ቤት ይበቃ ነበር፤ ፍቅር ነበር» ይባላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። እኔም አብሬ እነቀንቃለሁ። ግን የአንዱ ሰፈር ስልክ ተላላኪ እኔ ነበርኩ።

ቤታችን ካዛንቺስ ነበር። አባቴ ስልኩን ያስገባው ማመልከቻ ጽፎ ዓመታት ተራ ጠብቆ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ካዘረጉ መቶ ዓመት አልፎ እንኳ፣ በኛ መንደር ስልክ ያለው ቤት ሦስት ብቻ ነበር። ስልኩ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ እናቴ በኪሮሽ የሠራችውን ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል። ቀይ ነው፤ ቁጥሩ በጣት የሚዞር። ዜሮው ስለተዘጋ ክፍለ ሀገር አይደውልም። መደወያው ላይ ደግሞ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥላበታለች። (ቁልፏ የተገዛችው ለጎረቤት ሳይሆን ለእኔና ለእኅቶቼ ነበር። መነጋገሪያው የሚያርፍበትን ቦታ በቁጥሩ ልክ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ፣ ቁልፏን ሳይነኩ መደወል እንደሚቻል የደረስኩበት ግን ወር ሳይሞላ ነው። አባቴ ቢሉ ሲመጣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና ያጠልቃል።)

ሊደውል የመጣ ጎረቤት ከስልኩ አጠገብ ያለች ጣሳ ውስጥ ሳንቲም ይጥላል። ዋናው ሥራ ግን የሚደወልልን ነበር። ከአዋሳም ይሁን ከጅዳ የደወለ ሰው «እባክህ እከሊትን ጥራልኝ፤ ከዐሥር ደቂቃ በኋላ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። በዕድሜ የመጨረሻው ልጅ ስለነበርኩ ሯጩ እኔ ነኝ።

ከሁሉ የሚርቁት ከቁልቁለቱ ግርጌ የሚኖሩት እማማ ነበሩ። ልጃቸው ቤሩት በሰው ቤት ትሠራለች፤ በወር አንድ ቀን፣ አንዳንዴ በሁለት ወር፣ ቅዳሜ ትደውላለች። እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ዳገቱን ይወጣሉ። በር ላይ ጫማቸውን ሦስት ጊዜ ይጠርጋሉ። ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ስልኩ ሲጮኽ እናቴ ቴሌቪዥኑን ታጠፋለች፤ ለአክብሮት ነው። እኛም ጸጥ እንላለን። እማማ ቤሩት ድረስ በጉሮሯቸው ለማድረስ ይመስል እየጮኹ «ደህና ነን! አባትሽም ደህና ነው! ሁሉ ሙሉ ነው! ምንም አልጎደለብንም!» ይላሉ። ሁልጊዜ ያው ነው። እኔ እንዲያውም ይህን ብቻ ለማለት ያን ያህል መንገድ መምጣት ለምን አስፈለገ እያልኩ እገረም ነበር።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15 ቀን 1994 ዓ.ም.። ቀኑን የማስታውሰው በኳሱ ነው። በኮሪያና በጃፓን የዓለም ዋንጫ ሴኔጋል ፈረንሳይን በመክፈቻው ጨዋታ አሸንፋ፣ ስዊድንን በወርቃማ ግብ አስወጥታ፣ ለሩብ ፍጻሜ ከቱርክ ጋር ገጥማለች። ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። እናቴ ገበያ ወጥታለች፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዘጠና ደቂቃው ያለ ግብ አልቆ ጭማሪው ሊጀመር ሲል ስልኩ ጮኸ።

«ማሙሽ፣ እኔ ነኝ። እማዬን ጥራልኝ፣ ቶሎ በል እባክህ።»

ዝናቡን አየሁ። ቴሌቪዥኑን አየሁ። ያን ጊዜ ግብ ያገባ ወዲያው ያሸንፋል፤ ቁልቁለቱን ደርሼ ስመለስ ሁሉ ነገር አልቆ ሊጠብቀኝ ነው። «የሉም» አልኩ። ይህ ብቻ እንደማይበቃ ገባኝና ጨመርኩበት፤ «ለቅሶ ሄደዋል።»

«የማን ለቅሶ?»

«አላውቅም።»

ለጥቂት ጊዜ የመስመሩ ሽውታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ተቋረጠ። በአራተኛው ደቂቃ ተቀይሮ የገባው ኢልሃን ማንሲዝ አገባና ሴኔጋል ወደ ቤቷ ተመለሰች። እናቴ ስትመጣ «የተደወለ ስልክ አለ?» አለችኝ። «የለም» አልኳት።

እንግዲህ በአገራችን ባሕር ማዶ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። ይደበቃል፤ ቀን ተመርጦ፣ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሌሊት በሩ ተንኳኩቶ ነው የሚረዳው። ይህን ሕፃን ሆኜም አውቀዋለሁ። «ለቅሶ ሄደዋል፣ የማን እንደሆነ አላውቅም» የሚል መልስ በሰው አገር ላለች ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልመጣልኝም። አባቷ እግራቸውን የሚያማቸው፣ ከቤት የማይወጡ ሰው ነበሩ።

ሐምሌና ነሐሴ አልደወለችም። የደወለችው በመስከረም፣ የመስቀል ሰሞን ነው። ሮጥኩ፤ እማማ መጡ። «ደህና ነን» ከማለታቸው ከወዲያ በኩል «አባዬን አገናኙኝ» የሚል ጩኸት ለእኛም ተሰማን። «ተኝቷል፤ ዳገቱን አይችልም» አሉ እማማ፤ እውነታቸውን ነው። ይህን ሲሉ ጩኸቱ ባሰ። በግማሽ ሰዓት መልሳ እንድትደውል ተነግሯት እኔና አንድ የጎረቤት ልጅ ወርደን ሽማግሌውን በትከሻችን ደግፈን አወጣናቸው። ሦስት ቦታ ላይ አረፉ። መነጋገሪያውን ተቀብለው «ሃሎ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ የተሰማው ለቅሶ ብቻ ነው። «ምን ሆነሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ እኮ» ይላሉ ግራ ገብቷቸው። እማማም ተቆጡ፤ «ሰው ደህና ነኝ ሲላት ታለቅሳለች እንዴ? ደግሞ የማን ለቅሶ ሄዳችሁ ነበር ትለኛለች! እኔ ሰኔ ላይ የት ለቅሶ ሄድኩ?»

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ዳንቴሉን እያየሁ ነበር። እሷም ምንም አላለችኝ፤ እስከ ዛሬም አላለችኝም።

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ ነበር፤ ግን ለረጅም ጊዜ የባለገንዘብ ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1998 ዓ.ም. በ51 የሚጀምረው ቁጥራችን ከፊቱ አንድ 5 ተጨምሮለት ባለ ሰባት አሃዝ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሲም ካርዱ ረከሰ፣ ጎረቤቱ አንድ በአንድ የየራሱን ያዘ፣ የእኔም ሩጫ አበቃ። ጣሳዋ የአዝራር ማስቀመጫ ሆነች። ኢትዮ ቴሌኮም ዛሬ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ሲል እሰማለሁ። ቀዩ ስልክ የት እንደገባ እንኳ ሳልጠይቅ ዓመታት አለፉ።

ያገኘሁት በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ፣ የእናቴን ዕቃ ስንሸክፍ ነው። ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ዳንቴሉን እንደለበሰ። እናቴ «ጣለው» አለችኝ። አልጣልኩትም። ከጥቂት ወራት በኋላ እማማን ልጠይቅ ገላን ጉራ ሄድኩ፤ ብዙው የካዛንቺስ ሰው ወደዚያ ነው የተዛወረው። ልጃቸውም እዚያው ነች፤ በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ኮሮናም ታክሎበት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ አብራ ተመልሳለች። ቡና አፈላችልኝ። ሁለተኛው ላይ ነገርኳት።

«እትዬ፣ ያን ጊዜ እማማ ለቅሶ አልሄዱም ነበር። ኳስ እያየሁ ነው።»

ስኒውን አስቀመጠች። «አንተ ነህ?» አለች። ከዚያ የማላውቀውን ነገረችኝ። በማግስቱ አሠሪዎቿ እንደ ልማዳቸው የቤሩትን ሙቀት ሸሽተው ወደ ተራራው መንደር ወጥተዋል፤ እስከ መስከረም እዚያ ስልክ የምታገኝበት መንገድ አልነበራትም። «ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ አለቀስኩለት። አባዬ በ2001 በእውነት ሲሞት፣ መርዶውን የነገሩኝን ሰዎች ውሸታችሁን ነው አልኳቸው። ሁለት ጊዜ ነው የቀበርኩት።»

ይቅርታ አልኳት። ቃሉ በጣም ትንሽ ነበር። ዝም ብላ ሦስተኛውን ቀዳችልኝና፣ እኔ ጨርሶ ያልጠበቅሁትን ጨመረች።

«ብትጠራትም ኖሮ እኮ እውነቱን አልነግራትም ነበር። ማዳም ስድስት ወር ደሞዜን ከልክላኛለች፤ ያን ቀን ልነግራት ነበር የደወልኩት። ግን ሁልጊዜ እነግራታለሁ ብዬ እደውላለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ይሰማኛል። ጸጥ ስትሉ ይሰማኛል። በቃ፣ ደህና ነኝ እላለሁ።»

እማማ ከአልጋቸው ሆነው ጣልቃ ገቡ። «እኔስ? የላክሽው ብር አልቋል፣ ኪራይ አለብን ልል ነበር? በሰው ሳሎን?»

እናቴ ለአክብሮት ያጠፋችው ቴሌቪዥን! እኛ ቤት ይህ ጨዋነት ነበር፤ ቤሩት ላይ የጆሮ መደቀን ሆኖ ይሰማል። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። «ያኔ ፍቅር ነበር» የሚለውን ስሰማ አሁን የማስተውለው ተናጋሪውን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ እነሱ ቤት የነበረ ሰው ነው። ዳገት ወጥቶ፣ ጫማውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ፣ ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲለው ገና አልሰማሁም። ደግነት አልነበረም አልልም፤ እናቴ ከአንድም ጎረቤት የጥሪ ዋጋ ጠይቃ አታውቅም፣ ሌሊት በተደወለ ስልክም ተነሥታ ሰው ቀስቅሳለች። ግን አንዲት ሴት ከእናቷ ጋር መገናኘቷ በአንድ ልጅ እግርና በኳስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ለመሄድ ስነሣ የእማማ ስልክ ጮኸ፤ ኢሞ ነው። መነጽራቸውን ፈልገው፣ በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ስተው በሦስተኛው አነሡት። ከዚያ ከአልጋው ወርደው፣ ግድግዳውን እየያዙ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡና በሩን ዘጉት። ከማን ጋር እንደሚያወሩ አልሰማንም።