ቃል የሌለው ዜማ

«ግጥሙ ምን ይላል?» አባቴ አንድ ዜማ ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁት ይህን ነበር። እኔም ጥያቄያቸውን ስለ ወረስሁ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ያልተቋጨ ንግግር ይመስለኝ ነበር።

የአውሮፓ የመሣሪያ ሙዚቃም ከቃል የተላቀቀው በአንድ ጀምበር አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢጣሊያ ሙዚቀኞች የፈረንሳይን ዘፈኖች ወደ መሣሪያ ይመልሱ ነበር፤ ከዚህ የተወለደው ቅርጽ «ካንዞና» መባሉ፣ ትርጉሙም «ዘፈን» መሆኑ፣ ውለታውን ይመሰክራል። ጆቫኒ ጋብሪኤሊ እ.ኤ.አ. በ1597 በቬኒስ ባሳተመው መድበል ግን «ሶናታ» የተሰኙ ድርሰቶችም ይገኛሉ፤ በመሣሪያ የሚሰማ እንደ ማለት ነው። በአንደኛው ውስጥ የቱ ስፍራ በለሆሳስ፣ የቱ ጎላ ተደርጎ እንደሚጫወቱት ተጽፏል። የግጥሙን ሥራ ድምፅ ራሱ ተረከበ። አርካንጄሎ ኮሬሊ እ.ኤ.አ. በ1700 የቫዮሊን ሶናታዎቹን ሲያሳትም ቅርጹ ራሱን ችሎ ቆሞ ነበር።

በኋለኛው ዕድሜያቸው ሕመም የአባቴን አንደበት ያዘው። አንድ ማታ ከእነዚያ ሶናታዎች አንዱን ከራስጌያቸው ከፈትሁላቸው። «ምን ይላል?» ብለው ሊጠይቁኝ አልቻሉም፤ ቢጠይቁኝም መልስ አልነበረኝም። ዐይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ዜማው ሲያበቃ እንድደግምላቸው በእጃቸው አመለከቱኝ።